እናቴ ከኮሌራ ድና ወጣች፤ አከራያችን ግን ልቀቁ አሉን

ጠያቂ (ፍኖተ ሰላም)፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። እናቴ ትናንት ከኮሌራ ማከሚያው ወጣች። አከራያችን ዛሬ «እስከ ነገ ማታ ልቀቁልኝ» አሉ። ቦኖ ሄጄ ስቀዳ ሴቶቹ ጀሪካኔን ከሰልፍ አወጡት። የነካሁትን ቧንቧ በአመድ ፈተጉት። እንጀራ ነው የምትሸጠው፣ ደንበኞቿም «አንወስድም» ብለው ላኩ። ድናለች እኮ! ምን ላድርግ?

መምህሩ፦ ችግሩ የግንዛቤ ነው። ኮቪድ በ2012 ሲገባም ያየነው ይኸው ነው። ሰው ታመመ ሲባል ጎረቤት በር ይዘጋል። በሽታን እንደ ነውር ማየት እስካልቀረ ድረስ የታመመ ሰው ይደበቃል፣ የተደበቀ ደግሞ ሌላውን ያስይዛል።

ቢቸና፦ የመውጫ ወረቀቷን ለአከራዩ አሳዪ።

ደጀን፦ እግዜር ይማርልሽ። ግን «ድናለች» ብለሽ አትዝጊው። ባክቴሪያው ከተያዙ በኋላ ከ1 እስከ 10 ቀን በሰገራ ሊወጣ ይችላል። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው? እንጀራውንስ ለጊዜው ብትተዉት?

ጠያቂ፦ አዎ የጋራ ነው። እንጀራውን እንተዋለን። ግን ሰላምታም ነፈጓት እኮ!

ዳንግላ፦ ጀሪካን ተቅማጥ አይዘውም በያቸው 😄 አይዞሽ እህቴ።

ጤና ኤክስቴንሽን (ቡሬ)፦ ሰውዬው የፈሩት ሽንት ቤቱን ነው፣ እሱን ያዢ። አሁኑኑ የቀበሌያችሁን ጤና ኤክስቴንሽን ጥሪ። ሽንት ቤቱን እሳቸው እያዩ በክሎሪን ታጽዳው። በሩ ላይ ውሃና ሳሙና አስቀምጡ። እኔ ይህን ሳደርግ ብዙ አከራይ ልቡ ሲመለስ አይቻለሁ። ከዚያ የእድር ዳኛውን ይዛችሁ ቦኖ ሂዱ። እሷው ትንገራቸው፦ ኮሌራ የሚይዘው በተበከለ ውሃና ምግብ ነው። በትንፋሽ አይተላለፍም። አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ማውራት አያስይዝም። እሷን ካጣሽ ወደ ህብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት መስመር 8335 በነጻ ደውዪ።

አዴት፦ ወረቀቱን አሳዪያቸው፣ በቃ።

ሞጣ፦ ተብሏል እኮ ወንድሜ! ወረቀት ሽንት ቤት አያጸዳም። እናትሽ አሁንም ካስቀመጣቸው ኦአርኤሱን (ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩን) አታቋርጪ። አንዱን ፓኬት በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጪ። ማታውን ያደረ አፍስሽና አዲስ አዘጋጂ።

ጤና ኤክስቴንሽን (ቡሬ)፦ እህቴ፣ መጣችልሽ? አከራዩስ ምን አሉ?

ደጀን፦ እኔም እየጠበቅሁ ነው።