አያታችን የተዉልን ባለ አንድ አፈሙዝ ጠመንጃ ምን ዓይነት ነው? ስንትስ ያወጣል?

ወራሿ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አያታችን ሲያርፉ አንድ የቆየ የአደን ጠመንጃ ትተውልናል። ባለ አንድ አፈሙዝ ነው፣ ከመሃሉ ይታጠፋል፣ መዶሻው ከውጭ ይታያል። ጎኑ ላይ የነበረው ጽሑፍ ተፍቆ ጠፍቷል። አፈሙዙ ላይ የእንጨት ጅማት የሚመስል ጠመዝማዛ መስመር አለ። ከሥሩ ደግሞ በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ ኢ፣ ኤል፣ ጂ የሚሉ የላቲን ፊደላት አሉ፣ ከላያቸው ዘውድ። ወንድሞቼ ይሸጥና እንካፈል ይላሉ። እኔ ግን ምንነቱን ሳላውቅ እሺ አልልም። ማን ሠራው? ስንት ያወጣል? ዝገቱንስ በብርጭቆ ወረቀት ልፈግፍገው?

አሮጌ ብረት፦
እህቴ፣ ብርጭቆ ወረቀቱን እባክሽ አታስነኪው። ከሁሉ በፊት ግን ጠመንጃው አለመጉረሱን አረጋግጪ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙረሽ፣ ጣትሽን ከምላጩ አርቀሽ፣ መክፈቻውን ገፍተሽ እጠፊውና ጥይት የሚጎርስበትን ቀዳዳ በዓይንሽ እዪ። ስንት ዘመን ማንም ሳይነካው ተቀምጧል ማለት ባዶ ነው ማለት አይደለም። ዝገት ይዞት አልታጠፍ ካለሽ አትታገዪው፣ ለባለሙያ ስጪው።

ምልክቱ የቤልጂየም ነው፣ የሊዬዥ ከተማ የጠመንጃ መፈተሻ ቤት፣ ማለትም የጠመንጃ ጥንካሬ የሚፈተንበት ቤት ማኅተም። ዘውዱ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ1893 ስለሆነ ያንቺው የተፈተሸው ከዚያ ወዲህ ነው። ማኅተሙ የሚነግርሽ የት እንደተፈተሸ እንጂ ማን እንደሠራው አይደለም። ሊዬዥ ውስጥ ትንንሽ የጠመንጃ ሠሪዎች ሞልተው ነበር፣ ነጋዴውም ከእነሱ እየገዛ የራሱን ስም ያስቀርጽበት ነበር። ስለዚህ የተፋቀው ጽሑፍ ቢነበብ እንኳ የሻጩ ስም ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ሰደፍ፦
እኔን ያሳሰበኝ ያ የእንጨት ጅማት ያልሽው መስመር ነው። የደማስቆ አፈሙዝ ይመስላል። የብረትና የአረብ ብረት ዘንጎች ተገምደው፣ በእሳት ግለት ተጠቅልለውና ተቀጥቅጠው የሚሠራ ነው። በጣም ያምራል፣ ግን በጥቁር ባሩድ ዘመን የመጣ ሥራ ነው። ተራ ብረት ላይ መስመሩ የተሳለበት አስመሳይም አለ። ከአፈሙዙ ሥር ያለውን የእጅ መያዣ እንጨት አውልቂና እዪ። እንጨቱ በሚሸፍነው ቦታ ላይ መስመሩ ከተቋረጠ ብዙውን ጊዜ ሥዕል ነው።

እዚያው ላይ ሌላ ምልክት ፈልጊ። በኋላ እግሩ የቆመ አንበሳ፣ ከሥሩ ፒ እና ቪ ካለ ግፊቱ ከጥቁሩ በሚበልጠው በዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ ተፈትኗል ማለት ነው። 12 ወይም 16 የሚል ቁጥር ካገኘሽ ደግሞ ጌጁ ነው፣ ማለትም የአፈሙዙ ስፋት ያላቸው ስንት የእርሳስ ድቡልቡሎች አንድ ፓውንድ (454 ግራም ገደማ) እንደሚመዝኑ። 12 ከሆነ ስፋቱ ወደ 18.5 ሚሊ ሜትር፣ 16 ከሆነ ወደ 16.8። ቁጥሩ ሲያንስ አፉ ይሰፋል።

የዛሬ ጥይት ገባለት ብሎ እንተኩስበት የሚልሽ ሰው ካለ አትስሚው። የድሮዎቹ ማጉረሻ፣ ማለትም ጥይቱ የሚገባበት ቀዳዳ፣ ርዝመቱ ብዙ ጊዜ 65 ሚሊ ሜትር ነው፣ የዛሬው የተለመደ ጥይት 70። የጥይቱ አፍ ታጥፎ ስለሚዘጋ ሳይተኮስ በልኩ የተሠራ መስሎ ይገባል። ሲተኮስ ግን እጥፋቱ ይዘረጋና ቦታ ያጣል፣ ግፊቱም ያለ ልክ ይጨምራል።

ሚዛን፦
ስለ ዋጋው በግልጽ ልንገርሽ። ባለ አንድ አፈሙዝ በአብዛኛው ለገበሬውና ለተራው አዳኝ በርካሽ እንዲደርስ የተሠራ ጠመንጃ ነው፣ ስለዚህ ማርጀቱ ብቻ ብዙ ብር አያመጣም። የአሜሪካውን ዊንቸስተር ሞዴል 37 ውሰጂ። እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1963 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል፣ መለያ ቁጥር እንኳ አልነበረውም። የቆየ ነው፣ ብርቅ ግን አይደለም።

ገዢ የሚያየው አፈሙዙ ውስጡ መቦርቦሩን፣ ሰደፉ መሰንጠቁን፣ ዕቃዎቹ የራሱ መሆናቸውንና የብረቱን የመጀመሪያ ቀለም ነው። ፈግፍገሽ ካብረቀረቅሽው የቀረችውም ቀለም ትሄዳለች፣ የደበዘዙት ማኅተሞችም አብረው ይጠፋሉ። ለስላሳ ጨርቅ በትንሽ ዘይት አርጥበሽ መጥረግ ይበቃል። ዋጋ ስታጣሪ ደግሞ ሻጮች የሚጠሩትን ተዪና ተመሳሳዩ በጨረታ በስንት እንደተሸጠ እዪ። ከዚያ በፊት ግን በሕግ በስማችሁ ማዛወርና መሸጥ መቻላችሁን ፈቃድ ሰጪውን ክፍል ጠይቁ።

ወራሿ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ከፍቼ አየሁት፣ ባዶ ነው። እንጨቱንም አወለቅኩት። መስመሩ ከሥሩም ይቀጥላል፣ እንዲያውም ዝገት ስላልነካው እዚያ ይበልጥ ይታያል። 16 የሚል ቁጥር አለ። አንበሳ የሚባል ግን አላየሁም።

ሰደፍ፦
እንግዲያው እውነተኛ ደማስቆ ሳይሆን አይቀርም፣ አንበሳው ከሌለ ደግሞ ለጭስ አልባ ባሩድ ስለመፈተኑ ማስረጃ የለም። አይተኮስበት። ማኅተሞቹን መብራት ከጎን አብርተሽ ፎቶ አንሺያቸው፣ የደበዘዘው ፊደል በጥላው ይወጣል። ፎቶዎቹን ይዘሽ ገማች ጋ ሂጂና ግምቱን በጽሑፍ ተቀበዪ። ከወንድሞችሽ ጋር የምትነጋገሩት በዚያ ላይ ተመሥርታችሁ ይሁን።