ባሮሎው ቡሽ ገባበት፣ አማቴ በ1 ሰዓት ይደርሳሉ!

የቶሪኖው ሙሽራ፦ ቶሎ በሉልኝ! አማቴ አምና ያመጡልኝን ባሮሎ የሚባል የጣሊያን ቀይ ወይን ጠጅ ዛሬ አብረን ልንጠጣው ነበር። ስከፍተው ቡሹ ተፈረካክሶ ግማሹ ውስጥ ገባ። ትንሽ ቀዳሁ። ቀለሙ ቀይ መሆኑ ቀርቶ ጡብ መስሏል። ስቀምሰው አፌን ጭምድድ አደረገው። ተበላሽቶ ነው? ስኳር ልጨምርበት? አሁን 11 ሰዓት ነው።

ጌሾ ወቃጭ፦ ስኳር?! ብርዝ መሰለህ እንዴ?

አስተናጋጁ፦ ቡሽ ስለገባበት አይበላሽም። በንጹሕ ስስ ጨርቅ አጥልለህ ወደ ጆግ ገልብጠው። የስንት ዓመተ ምሕረት ነው? ተኝቶ ነው የቆየው?

የቶሪኖው ሙሽራ፦ 2008። ቁም ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ነበር።

ጌሾ ወቃጭ፦ በእኛ ነው በፈረንጅ?

የቶሪኖው ሙሽራ፦ በፈረንጅ! ቀልዱን ተዉኝ።

ጋሽ በርሜል፦ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ባሮሎ የሚሠራው ጣሊያን፣ ፒየሞንቴ ውስጥ፣ አልባ ከተማ አጠገብ፣ ኔቢዮሎ ከሚባል ወይን ብቻ ነው። ኔቢዮሎ ድሮም ቀለሙ ስስ ነው፤ ሲያረጅ ወደ ጡብ ይሄዳል። የጥንቱን አሠራር የያዙት ሰዎች ጭማቂውን ከልጣጩ ጋር ለሳምንታት ያቆዩታል። አፍህን የያዘው ከልጣጩና ከፍሬው የወጣው ታኒን ነው። ከዚያ በሺዎች የሚቆጠር ሊትር በሚይዝ ትልቅ በርሜል ያስረጁታል። ትልቅ በርሜል የእንጨት ጣዕሙን አይጭንበትም። በፈረንጅ 1980ዎቹ ግን ልጆቹ 225 ሊትር የምትይዝ ትንሽ በርሜል አምጥተው፣ የልጣጩንም ቆይታ አሳጥረው ከአባቶቻቸው ጋር ተኳረፉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ አባቶቹ ልክ ነበሩ። ሕጉም ቢሆን ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ቢያንስ 38 ወር እንዲቆይ፣ 18ቱን ወር ደግሞ እንጨት ውስጥ...

የቶሪኖው ሙሽራ፦ ጋሼ፣ 11 ተኩል ሆነ!

እቴ ሙሉ፦ በጨርቅ አጥልለው የኔ ልጅ።

ቀማሽ፦ ማን ተበላሸ አለህ? አሽትተው። የራሰ ካርቶን ከሸተተህ ቡሹ በክሎታል፤ መድኃኒት የለውም። አቼቶ ከሸተተህም ሰላጣ ላይ አፍስሰው። ደረቅ ጽጌረዳና ሬንጅ ከሸተተህ ግን ባሮሎ ማለት እሱ ነው።

የቶሪኖው ሙሽራ፦ ሬንጅ! እኔ እኮ የጫማ ቀለም ነው ብዬ ደንግጬ ነበር።

አስተናጋጁ፦ እንግዲያው ደህና ነው። ተኝቶ ቆይቶ ስታነሣው አተላው ተበጥብጧል። ጠርሙሱን ግማሽ ሰዓት አቁመው፣ ከዚያ በጨርቁ ቀስ ብለህ ወደ ጆጉ ቅዳ። ሁለት ጣት ያህል ሲቀር አቁም፤ የቀረው አተላ ነው። ፍሪጅ አታስገባው፣ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃዋል። ምን ሠርታችኋል?

የቶሪኖው ሙሽራ፦ ዶሮ ወጥ።

አስተናጋጁ፦ ኧረ! በርበሬና ታኒን ሲገናኙ አፍ ያቃጥላሉ። ቃሪያ የሌለው የበሬ ጥብስ ጣል አድርግ፣ ባሮሎውን በሱ ጠጡት። ለዶሮው ቢራ ያዝ።

ጌሾ ወቃጭ፦ ቢራውን ለአማትህ፣ ባሮሎውን ለኔ።

እቴ ሙሉ፦ አጠለልከው?

ቀማሽ፦ ሦስት ቀን ሆነው እኮ። ሙሽራው፣ አለህ?

ጌሾ ወቃጭ፦ አተላውንም ጠጥቶት ይሆናል።