ወላጆቻችን ከገጠር ወደ ከተማ ሊገቡ ነው፤ መሬቱ፣ ባሕር ዛፉና ከብቱ እንዴት ይሁን?

ጥያቄ (የቢቸና ልጅ)
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴና እናቴ ቢቸና አካባቢ ገበሬዎች ናቸው፤ ሁለቱም 70 አልፈዋል። ደብረ ማርቆስ ሁለት ክፍል ቤት ልንከራይላቸው ነው። 6 ጥማድ የጤፍ ማሳ (ጥማድ ሩብ ሄክታር ግድም ነው፤ የይዞታ ደብተሩ በሁለቱም ስም ነው)፣ ከጓሮ ባሕር ዛፍ፣ 2 በሬ፣ አንዲት ላምና 4 ቀፎ ንብ አላቸው። አባታችን «መሬቴን ጥዬ አልወጣም» ብለዋል። በእኩል ይሰጥ (ሌላ ሰው አርሶ ምርቱን ግማሽ በግማሽ ሊካፈል)፣ ይከራይ ወይስ ለወንድሜ በስጦታ ይተላለፍ?

መልስ (ባለ ቀንበር)
ስጦታውን አትቸኩሉበት። ደብተሩ በወንድምህ ስም ከወጣ በኋላ አባትህ በገዛ መሬታቸው ምርት የሰው እጅ ጠባቂ ይሆናሉ። ሽያጭማ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የተከለከለ ነው፤ በኪራይ ስም የሚደረገውም ቢሆን ፍርድ ቤት ሲደርስ መዘዝ ያመጣል። ደብተሩ በእጃቸው ይቆይ። የሚተዉት እርሻውን እንጂ መሬቱን አይደለም፤ ለአባትህም እንዲሁ ብላችሁ ንገሯቸው።

እኔ ከኪራይ ይልቅ እኩልን እመርጣለሁ፤ ቀለቡ በዓይነት ስለሚገባ የጤፍ ዋጋ ቢወደድም አይርባቸውም። ከአንድ ጥማድ 4 ኩንታል ቢገኝ ከስድስቱ 24 ነው፤ ግማሹ 12 ኩንታል ለሁለት ሽማግሌ ተርፎ ይሸጣል። ችግሩ ያለው ማዳበሪያው ላይ ነው። ለጤፍ በተለምዶ የሚመከረው በሄክታር 100 ኪሎ ኤንፒኤስና 100 ኪሎ ዩሪያ ነው፤ ለአንድ ጥማድ ከእያንዳንዱ 25 ኪሎ ግድም ይደርሳል። ወጪው ሁሉ በአራሹ ላይ ከወደቀ ግማሹን ብቻ ይበትናል፤ ከትርፉ ግማሹን ለሌላ የሚሰጥ ሰው ለምን ሙሉውን ያወጣል? ስለዚህ ማዳበሪያውንም እኩል ክፈሉ። ዘሩ ከማን እንደሚወጣ፣ የመሬት ግብሩን ማን እንደሚከፍል፣ ክፍፍሉ አውድማ ላይ እንደሚሆን በጽሑፍ ይቀመጥ። ጭዱን ረስተው የሚዋዋሉ ብዙ ናቸው፤ ኋላ ጠብ የሚነሳው በሱ ነው። ይዞታው የጋራ ስለሆነ እናትህም ይፈርሙ፤ ውሉም በመሬት ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ።

መልስ (አጠና)
ባሕር ዛፉን ከእኩሉ ውል አውጡት፤ ለብቻው በበጋ ይሸጥ፣ በክረምት መኪና አይገባም። ነጋዴ በዓይን ገምቶ «ሁሉንም በዚህ ያህል» ቢላችሁ እሺ አትበሉ። ዛፉን ማገር፣ አጠና፣ ቋሚ እያላችሁ በየዓይነቱ ቁጠሩ። አቆራረጡም ውል ውስጥ ይግባ፦ በመጋዝ፣ ከመሬት ከ10–12 ሳንቲ ሜትር ከፍታ፣ ውኃ እንዳያቁር ዘመም ተደርጎ። በመጥረቢያ የተፈለጠ ጉቶ ቅርፊቱ ይላቀቅና ደህና አያቆጠቁጥም። ካቆጠቆጠ በኋላ በየጉቶው 2 ወይም 3 ቀንበጥ ብቻ ይተው። የሚያቆጠቁጠው የወላጆቻችሁ መሆኑንም ጻፉ።

በሬዎቹን በዐቢይ ጾም መካከል አትሽጡ፤ የእርድ ገበያው ቀዝቃዛ ነው። ያረጀው ተቀልቦ ለፋሲካ ይውጣ፤ ጉልበት ያለው የእርሻ ወቅት ሲቃረብ ፈላጊው ይበዛል። ላሚቱ በርቢ፣ ማለትም ሌላ ሰው እያረባ የምትወልደውን ሊካፈል፣ ልትሰጥ ትችላለች። ንቡን ግን ከተማ አታስገቡ፤ ከጎረቤት ያጣላል። ማሩ ከተቆረጠ በኋላ ከነቀፎው ሽጡት፤ ማር የሞላ እንጀራ መንገድ ላይ ይሰበራል። ገዢውም ከመሸ በኋላ፣ አፉን አየር በሚያስገባ ጨርቅ ዘግቶ ይውሰድ።

መልስ (ምድር ቤት)
የጤፍ ውቂያው ሳያልቅ አታንቀሳቅሷቸው። ቤቱ ምድር ላይ ያለና ጓሮ ያለው ይሁን፤ ደረጃ ላለው ኮንዶሚኒየም ጉልበታቸው አይፈቅድም። ኋላ መግዛት ካሰባችሁ ካርታውን ሳታዩ ቀብድ አትስጡ፤ ያለ ፈቃድ የተሠራ የጨረቃ ቤት ሊፈርስ ይችላል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ነው፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ይስባል። በመብራት ሽቦ ላይ ከተሰካ ሶኬቱ ይቀልጣል። ከቆጣሪው በቀጥታ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ለብቻው ይዘርጋ፣ ባለ 25 አምፔር ብሬከር ይኑረው። ቆጣሪው ከአከራይ ጋር የጋራ ከሆነ ሂሳቡን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ጎተራው ይቅር። ጤፍን ነቀዝ ስለማይደፍረው በጆንያ፣ ከወለሉ ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይበቃዋል። በቆሎና ሽምብራ ግን ደህና ደርቀው ባለ ሦስት ሽፋን ጆንያ ውስጥ ይግቡ፤ እያንዳንዱ ሽፋን ለየብቻ ይታሰር።

የገጠር ሰፈራቸውን እድር እንዳታቋርጡ! መዋጮውን ሰው ይክፈልላቸው። ሽማግሌ ከመሬቱ እኩል የት እንደሚቀበር ያስባል።

የቢቸና ልጅ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወንድሜ ራሱ በእኩል ቢያርስስ?

ባለ ቀንበር
ጥሩ ነው፣ እንደማንኛውም አራሽ ግን ይጻፍ። ዓመታት ያለ ውል ካረሰ በውርስ ጊዜ «ተሰጥቶኛል» ሊል ይችላል፤ ያኔ እናንተም ማስረጃ የላችሁም። የመጀመሪያውን ውል ለአንድ አዝመራ ብቻ አድርጉት።