ላፕቶፔ ጠቅ ጠቅ ማለት ጀምሯል፤ ዲስክ ልቀይር ወይስ ሌላ ልግዛ?

የካሴት ልጅ

ሰላም ወገኖች። ቲንክፓድ ቲ430 ነው ያለኝ። ኮር አይ5፣ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ 10። ያገለገለ ገዝቼው ስድስት ዓመት ሠርቶልኛል። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ግን ለመነሳት ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል፣ ፋይል ስከፍት ድርቅ ይላል። ጆሮዬን ሳስጠጋው ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይልና ዝም ይላል።

በትርፍ ጊዜዬ የቤተሰብ ካሴቶችን ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ። አያቴ ሰርግ ላይ ሲፎክሩ አለ፣ አባቴ ከአረብ አገር ለእናቴ በካሴት ቀድቶ የላከው ደብዳቤ አለ፣ ሁሉም እዚሁ ዲስክ ላይ ነው። ባክአፕ የለኝም። ካሴቶቹንም ግማሾቹን ቴፑ በልቷቸዋል።

አንድ ሱቅ «ፎርማት ይደረግ» አሉኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ዊንዶውስ 11 የሚቀበል ላፕቶፕ ግዛ ይለኛል። ምን ላድርግ?

ሽቦ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አጥፋው። አሁኑኑ! ፎርማት እንዳታስደርግ፣ ቼክ ዲስክም (የዊንዶውስ ዲስክ መፈተሻ) እንዳታስኬድ። ያ ድምፅ ብዙ ጊዜ የዲስኩ ማንበቢያ ክንድ ቦታውን እየሳተ ሲመላለስ የሚሰማ ነው፤ ባበራኸው ቁጥር ይብስበታል።

ሰው ጋ ሄደህ በሱ ኮምፒውተር ሊኑክስ ሚንት (በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራ ነፃ ሲስተም) ፍላሽ ላይ አዘጋጅ። ከ500 ጊጋ የሚበልጥ ኤክስተርናል ዲስክ ተዋስ። በፍላሹ ተነስተህ ዲዲሬስኪው የሚባለውን ፕሮግራም ተጠቀም። ጥሩነቱ፣ በመጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ጠራርጎ ያወጣል፣ የተበላሸውን ቦታ መጨረሻ ላይ ነው የሚታገለው። ማፕ ፋይል (የት እንደደረሰ የሚመዘግብበት) ማስያዝህን እንዳትረሳ፤ መብራት ቢጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል። ከየትኛው ወደ የትኛው እንደምትገለብጥ ሁለቴ አረጋግጥ፣ ከተገላበጠብህ ሁሉም ነገር አለቀ። ዲስኩ ጭራሽ ካልታየ ግን አትታገል፣ ዳታ የሚያወጣ ባለሙያ ፈልግ። የዲስኩን ክዳን ከፍቼ ልየው የሚልህ ሰው ካለ ተቀብለኸው ውጣ፣ ብናኝ ብቻ ይጨርሰዋል።

እቴቴ ፒሲ

ሽቦ ባለው እስማማለሁ። ስለ መግዛቱ ግን አትቸኩል። ቲ430 የ3ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ነው፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ጨምሮ ይጠይቃል። በጓሮ በር የሚጭኑ አሉ፣ እኔ አልመክርም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል።

ግን የአንተ ሥራ እኮ ድምፅ መቅዳት ነው! ለዚህ ማሽኑ ይበቃል። 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) አስገባ፣ አንድ 4 ጊጋ ዲዲአር3 ራም ጨምር፣ ሊኑክስ ሚንት ጫን። የድምፅ መቅጃው ኦዳሲቲ እዚያም ይሠራል፣ አማርኛ ለመጻፍም ኪማን አለ። የእኔም እንዳንተው አሮጌ ነው፣ ኤስኤስዲ ከገባለት ወዲህ ቡና እስኪፈላ መጠበቅ ቀርቷል።

ሽቦ

አንድ የረሳሁት። ባትሪው ይይዛል?

የካሴት ልጅ

ኧረ ሞቷል። መብራት ሲሄድ አብሮ ነው ድርግም የሚለው።

ሽቦ

እንግዲያው እሱም ይቀየር። እየጻፈ እያለ በድንገት መጥፋት ለዲስክም ለፋይልም ጠላት ነው። የቲ430 ባትሪ ከኋላ ተነቃይ ስለሆነ ራስህ ትቀይረዋለህ። ያበጠ ከሆነ ግን አትጫነው፣ አትብሳው፣ አውጥተህ ከቤት አርቀው።

የካሴት ልጅ

ተመለስኩ። ዲዲሬስኪው ሁለት ሌሊት ፈጀ፣ አንዴም መብራት ሄዶ ካቆመበት ቀጠለ። ከ61 ቅጂ 59ኙ ወጣ! የአባቴ ደብዳቤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሰማል፣ እናቴን ዛሬ ጠዋት አስደመጥኳት። ሁለት ኮፒ አድርጌ አንዱን እህቴ ቤት አስቀመጥኩ። ከቀሩት ሁለቱ የአንዱ ካሴት በእጄ አለ፣ እሁድ እንደገና እቀዳዋለሁ። ኤስኤስዲውን ነገ ላመጣ ነው። እቴቴ፣ 240 ጊጋ ይበቃኛል ወይስ 480 ልውሰድ?

እቴቴ ፒሲ

እሰይ! 480 ውሰድ። ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል ቦታ ይበላል፣ የአንድ ሰዓት ስቴሪዮ ብቻ 600 ሜጋ አካባቢ ነው።