የተኛ ልጅ መኪና ውስጥ ትቶ ሱቅ ብቅ ማለት፦ እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ?

የኮዬዋ እናት፦

ሰላም እናቶች፣ አባቶችም ካላችሁ። አንድ ነገር ከትናንት ጀምሮ እረፍት ነስቶኛል። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ሰባት ወር የሞላት ልጅ አለችኝ። ቀን ቀን ቤት ውስጥ እንቅልፍ የሚባል አታውቅም፤ መኪና ውስጥ ከገባች ግን አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጭልጥ ትላለች።

ትናንት ከእናቴ ቤት ስንመለስ እንደልማዷ ተኛች። ከቀኑ ሰባት ሰዓት አካባቢ ነው፣ ፀሐዩ ይነድዳል። ዳቦና ወተት መግዛት ነበረብኝ። መኪናዋን ሱቁ ፊት ለፊት አቆምኩ፣ ከበሩ ቢርቅ አሥር እርምጃ ነው። ካነሳኋት ትነቃለች፣ ከነቃች ደግሞ እስከ ማታ ለቅሶ ነው። መስታወቱን ትንሽ ከፈት አደረግሁና ቆልፌ ገባሁ። ሁለት ሰው ከፊቴ ነበር። ከዚያ መልስ ጠፋ ተባለ፣ ባለሱቁ ዝርዝር ፍለጋ ጎረቤት ሄደ፣ እኔም ዳቦውን ይዤ ቆምኩ።

ስወጣ ጉልት የሚሸጡ አንዲት እናት መኪናዬ ጎን ቆመዋል። ነጠላቸውን ዘርግተው መስታወቱን ከፀሐይ ከልለውልኛል። «አንቺ ልጅ፣ ይቺን እኮ ላብ አጠመቃት» አሉኝ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እጄን ከአንገቷ ሥር ሳስገባ ፀጉሯ ርሷል፣ የወንበሩ ጨርቅ ራሱ ርሷል።

ለባለቤቴ ስነግረው «አሥር ደቂቃ ምን ያመጣል፣ አዲስ አበባ እኮ አፋር አይደለም» አለኝ። እሱ ነው ልክ ወይስ እኔ ነኝ ያካበድኩት? ብቻችሁን ስትሆኑ እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት? እባካችሁ እውነቱን ንገሩኝ።

የሕፃናት ነርስ፦

እህቴ፣ አላካበድሽም። ባለቤትሽ የሚያስበው የውጪውን አየር ነው። ልጅሽ ግን ያለችው ውጪ አይደለም። ፀሐይ በመስታወቱ ትገባለች፣ ወንበሩንና ዳሽቦርዱን ታግላለች፣ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት አለ። ውጪው 22 ዲግሪ ብቻ በሆነበት ቀን የመኪናው ውስጥ በአንድ ሰዓት 47 ዲግሪ ገደማ ደርሷል። 22 ዲግሪ ማለት የእኛው የአዲስ አበባ ቀን ነው እኮ! ከጭማሪው ውስጥ 80 በመቶው የመጣው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። መስታወት ትንሽ ከፈት ማድረጉም ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። እኛ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን፤ አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐዩ ከቆላው ይልቅ ኃይለኛ ነው።

የሕፃን ሰውነት ከትልቅ ሰው ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ፈጥኖ ይግላል። አንቺ «ሞቀኝ» ብለሽ ሹራብ ታወልቂያለሽ፣ እሷ በቀበቶ ታስራለች።

ሌላው የራሳችን ነገር ነው፣ ይሄን በየቀኑ አያለሁ። እኛ የምንፈራው ብርድ ነው። «ንፋስ እንዳይመታት» ብለን ኮፍያ፣ ሹራብ፣ ከላይ ብርድ ልብስ እንደራርብና መስታወት እንዘጋለን። እንኳን መኪና ውስጥ፣ ክሊኒክ ወረፋ ላይ እንኳ ፊታቸው ቲማቲም የመሰሉ ሕፃናት ይመጡብኛል፤ ሦስት ድርብ ልብስ ሳወልቅላቸው ትኩሳቱ ይወርዳል። መኪና ውስጥ የተኛች ልጅ ቢያንስ ኮፍያዋና ብርድ ልብሷ ይነሳላት።

ደግሞ የልጅ ወንበር ላይ ስትተኛ አንገቷ ወደ ፊት ወድቆ አገጯ ደረቷ ላይ ሊለጠፍ ይችላል፣ ያኔ መተንፈስ ይከብዳታል። አጠገቧ ካለሽ ቀና ታደርጊያታለሽ። ሱቅ ውስጥ ሆነሽ አታይውም።

ሰውነቷ ግሎ፣ ዝልፍልፍ ብላ፣ ስትቀሰቅሻት ቶሎ ካልነቃች አትጠብቂ። ወደ ጥላ አውጫት፣ ልብሷን አውልቂ፣ ሰውነቷን በውሃ አርጥበሽ አራግቢ፣ እያራገብሽ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

አዲስ አባት፦

ኤሲ ከፍቼ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ ብገባስ? ሙቀቱ ብቻ ከሆነ ችግሩ ማለቴ ነው።

ባለ ቪትዙ፣ ቱሉ ዲምቱ፦

ወንድሜ፣ እሱንማ አታድርገው። ሞተሩ የተነሳ መኪና ቁልፉ ውስጥ ነው። ሌባ የሚፈልገው መኪናውን ነው፣ ከኋላ ልጅ መኖሩን የሚያየው ከነዳው በኋላ ነው። ሞተሩ ቢጠፋ ደግሞ ኤሲውም አብሮ ይቆማል።

እኔ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ልጄን ለመተው እንኳ አስቤ አልነበረም። ዘጠኝ ወሩ ነበር። ከኋላ ወንበሩ ላይ አስሬው፣ ቁልፉንም ስልኩንም ጋቢና ወንበር ላይ ጣልኩና በሩን ዘጋሁ። ዞሬ በሹፌር በኩል ልገባ ስል «ቋ» አለ። አራቱም በር ተቆለፈ። ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም፣ ሪሞቱ ላይ የሆነ ነገር ተደግፎበት ይሆናል። ትርፍ ቁልፉ ባለቤቴ ጋ ነው፣ እሷ ሜክሲኮ ሥራ ላይ ናት። በቃሊቲ መንገድ፣ በዚያ ሰዓት፣ አስቡት።

የሰፈር ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ሽቦ አመጣ፣ አንዱ ማስመሪያ። ሁሉም ሊረዳ ነው፣ ግን ደቂቃው ይሄዳል። ልጁ መጀመሪያ ሳቀልኝ፣ በመስታወቱ ስለሚያየኝ ጨዋታ መስሎታል። ከዚያ ማልቀስ ጀመረ። ከዚያ ለቅሶው ቀነሰ። እሱ ነው ያስደነገጠኝ። አንድ የባጃጅ ሹፌር የጎማ መፍቻውን ይዞ መጣና «ወንድሜ፣ መስታወት ይገዛል» አለኝ። ከልጁ የራቀውን የጋቢናውን መስታወት መሀሉን ሳይሆን ጥጉን መታሁት፣ በሁለተኛው ረገፈ። የጎን መስታወት እንደ ስኳር ነው የሚረግፈው፤ የፊቱን ግን አትድከሙበት፣ ይሰነጠቃል እንጂ አይከፈትም።

ስለዚህ እህታችን፣ አሥር ደቂቃ ያልሽው አሥር ደቂቃ የሆነው ባለሱቁ ዝርዝር ስላገኘ ነው። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ቁልፉን ኪሴ ሳልከት በር አልዘጋም።

የሦስት ልጆች እናት፣ ለገጣፎ፦

እኔ ትንሽ ለየት እላለሁ። የተባለው ሁሉ እውነት ነው፣ ግን እናትን በፍርሃት ጠፍራችሁ አትያዟት። እኔ ቤቴ ስደርስ የግቢውን በር የሚከፍትልኝ ሰው የለም። ወርጄ እከፍታለሁ፣ ልጄ መኪና ውስጥ ናት። ይሄም መተው ሊባል ነው? ለእኔ መለኪያው ዓይኔ ነው። እያየኋት ከሆነ፣ በእኔና በእሷ መሀል ሌላ በር ከሌለ፣ አብሬያት ነኝ። ሱቅ ከገባሁ ግን አንድ እርምጃም ቢሆን ትቻታለሁ።

ለበሩም ቢሆን ሰፈራችን ዳገት ስለሆነ ሞተር አጠፋለሁ፣ ቁልፉን ይዤ እወርዳለሁ፣ የእጅ ፍሬን እስከ መጨረሻው እስባለሁ። የጎረቤቴ መኪና ልክ በር እየከፈተች ሳለ ወደ ኋላ ተንሸራቶ አጥር ላይ ነው የቆመው። ደግነቱ ውስጡ ሰው አልነበረም።

ሱቁን በተመለከተ ደግሞ ለምን ትወርጃለሽ? ከቤት ሳትወጪ ለባለሱቁ ደውዪለት። ስትደርሺ አንዴ ክላክስ አድርጊ፣ የሱቁ ልጅ ይዞልሽ ይወጣል፣ በቴሌብር ትልኪለታለሽ። የሰፈር ደንበኛ አይደለሽም እንዴ? እኔ ዳቦ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ አንዳንዴ ሽንኩርትም ከጉልት እንዲሁ ነው የምገዛው። ፋርማሲ ወይ ወረፋ ያለበት ቦታ ከሆነ አንቀልባ መኪናሽ ውስጥ ይኑር። ስታዝያት ትነቃለች? ትንቃ። ብዙ ጊዜ ጀርባሽ ላይ ተመልሳ ትተኛለች፣ እናቶቻችን ገበያ ውለው የሚገቡት እንደዚያ አልነበረም?

ሎስ አንጀለስ ያለሁ፦

እዚህ ካሊፎርኒያ ሕግ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ሞተሩ የተነሳ ወይም ቁልፉ ያለበት መኪና ውስጥ፣ ወይም ለአደጋ በሚያጋልጥ ሁኔታ፣ ስድስት ዓመትና ከዚያ በታች ያለ ልጅ ቢያንስ 12 ዓመት የሞላው ሰው ሳይኖር መተው ያስቀጣል።

ግን አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1998 ወዲህ መኪና ውስጥ በሙቀት የሚሞቱት ልጆች በዓመት በአማካይ 37 ገደማ ናቸው። ከግማሽ በላዩ ሆን ተብሎ የተተዉ አይደሉም፣ ተረስተው ነው። ልጁ ተኝቷል፣ ድምፅ የለም፣ አባት የዛሬን ብቻ እሱ እንዲያደርሰው ተነግሮታል፣ በሐሳብ ወደ ሥራው ይነዳል። የሚወዱ ወላጆች ናቸው። ስለዚህ ሁላችሁም ቦርሳችሁን ወይ ስልካችሁን ከኋላ ከልጁ ጎን አስቀምጡ። ሳትይዙት የማትሄዱት ነገር ይሁን። ይሄ ለባልሽም ይነገረው።

የኮዬዋ እናት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የነርሷን መልስ ባለቤቴ ራሱ አነበበው። 22 ዲግሪ የሚለው ላይ ሲደርስ ዝም አለ፣ ከዚያ ተነስቶ የልጅቷን ብርድ ልብስ ከመኪናው አወጣ።

ዛሬ ጠዋት ለባለሱቁ ደወልኩለት። መንገዱ ዳር ቆሜ ክላክስ ሳደርግ ልጁ ዳቦና ወተቱን በመስታወቱ አቀበለኝ። ተኝታ ነበር፣ አልነቃችም። ነጠላቸውን የዘረጉልኝን እማማንም ሽንኩርት ልግዛ ብዬ ጠራኋቸው። መጀመሪያ ያዩት የኋላውን ወንበር ነው።