ክርክር፦ ፖስትዶክ ያገኘ መምህር ፈቃድ ይከልከል?

ኬሚስቷ፦
እስቲ እንነጋገርበት። ከ40 በላይ ኢሜይል ልኬ፣ በስንት ልፋት ጀርመን የ2 ዓመት ፖስትዶክ፣ ማለትም ከፒኤችዲ በኋላ የሚሠራ ጊዜያዊ የምርምር ሥራ፣ አገኘሁ። የፈቃድ ማመልከቻ ሳስገባ መልሱ «የአገልግሎት ግዴታሽን ሳትጨርሺ አይቻልም» ሆነ። ግዴታው እንዳለብኝ አልክድም፣ ላስተማሩኝ ሠርቼ ልከፍል የፈረምኩት እኔ ነኝ። ግን በምን ሠርቼ ልወጣው? አምና ናሙናዬን እዚህ የሚለካልኝ አጣሁ። በትንሽዬ ላስቲክ አሽጌ፣ ቁጥር ጽፌበት፣ ወደ ውጭ ለምትሄድ ጓደኛዬ በሻንጣዋ ላክሁት። ውጤቱ በ5 ወሩ መጣ። በእኔ እምነት ክልከላ መምህር አያቆይም። ሄዶ የሚመለሰውን ሰው ጠቅልሎ እንዲወጣ ያደርገዋል።

የትምህርት ክፍል ኃላፊ (ሌላ ዩኒቨርሲቲ)፦
እህቴ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። እስቲ እኔ ቦታ ሆነሽ እይው። እኛ ክፍል ፒኤችዲ ያለን 5 ነበርን። 3ቱ በፈቃድ ወጡ፣ አንድም የተመለሰ የለም። አሁን 14 የማስተርስ ተማሪ የምናማክረው ለሁለት ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ካላችሁኝ፣ አዎ፣ በርይቻለሁ። እነዚያን ሰዎች ያስተማረው እኮ ሕዝብ ነው።

ከጀርመን፦
ካልተመለሱት አንዱ እኔ ነኝ። ልቀር ብዬ አልወጣሁም። እዚህም ቢሆን ኑሮው የተደላደለ አይደለም። ከፒኤችዲ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በጊዜያዊ ውል የሚሠራበትን ጊዜ ሕጉ በአብዛኛው በ6 ዓመት ይገድበዋል። ፈቃዴ ሊያልቅ ሲል ለዩኒቨርሲቲዬ ደጋግሜ ጻፍኩ። ቦታዬ ይኑር አይኑር የሚነግረኝ አጣሁ። እመለሳለሁ ብዬ ስፈርም ዋስ የሆነኝ ጓደኛዬ ደሞዝ ግን መቆረጥ ጀመረ። ብሩን ከፍዬለታለሁ። እሱን ቀና ብዬ ማየት ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

የትምህርት ክፍል ኃላፊ፦
ዋስን መቅጣት ልክ አይደለም። በዚህ እስማማለሁ። ለኢሜይል አለመመለስም የኛ ጥፋት ነው።

ኬሚስቷ፦
አንድ ነገር ልጨምር። የታዳጊ አገር ሳይንቲስቶችን የሚደግፈው ትዋስ፣ መቀመጫው ጣልያን ትሪየስቴ የሆነው፣ የፖስትዶክ ዕድሎች አሉት። አገርህ ላይ ሥራ እንዳለህና ስትጨርስ እንደምትመለስ ማስረጃ አምጣ ይላል። ያንን ደብዳቤ የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። በቀጥታ ለፕሮፌሰሩ ጽፎ የተቀጠረና ጥሎ ለመሄድ የቆረጠ ሰው ግን የእናንተን ደብዳቤ አይጠብቅም። ስለዚህ ደብዳቤ ስትከለክሉ የሚጎዳው ማን ነው? ለመመለስ ቃል የገባው!

የማስተርስ ተማሪ፦
ይቅርታ፣ መሀል ልግባ። የኔ አማካሪ መስከረም ላይ ሄዱ። አሁን የምንገናኘው በቴሌግራም ነው። ግራፌን ፎቶ አንስቼ እልካለሁ፣ እሳቸውም አምሽተው ይመልሳሉ፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን ላብ ውስጥ አጠገቤ የቆመ ሰው የለም። ሚዛኑ የተዛባ መሆኑን ሳላውቅ 3 ወር ሙሉ መዘንኩበት። ዶክተር፣ ይሂዱ፣ ይገባዎታል። የርስዎን ተማሪዎች ግን ማን ይይዛቸዋል?

ኬሚስቷ፦
ይሄ ጥያቄ እንቅልፍ የሚነሳኝ ነው። ሁለቱ ተማሪዎቼ ሰኔ ላይ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ዲፌንድ ያደርጋሉ። የምጀምርበትን ቀን ወደ ሐምሌ እንዲገፋልኝ ፕሮፌሰሩን ዛሬውኑ እጠይቃለሁ። አዲስ ተማሪም አልቀበልም።

የትምህርት ክፍል ኃላፊ፦
እኛ ክፍል ብትሆኚና ይህንኑ በጽሑፍ ብታመጪልኝ እፈርምልሽ ነበር። ግን ለ1 ዓመት ብቻ። ሁለተኛውን የመጀመሪያውን አይቼ።