ከኮመን ክሮውል የአማርኛ ገጾችን አውጥቶ በኦፕንሰርች መፈለጊያ መሥራት፦ «ፀሐይ» ስል «ጸሀይ» አይመጣልኝም

ጥያቄ፦ ብራና_ሠሪ

ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። የአማርኛ ድረ ገጾችን ብቻ የሚያስስ ትንሽ መፈለጊያ እየሠራሁ ነው። ገጾቹን የማገኘው ከኮመን ክሮውል ነው፤ ድሩን በየጊዜው እያሰሰ ውጤቱን ለማንም በነፃ የሚለቀው ድርጅት። የፍለጋው ሞተር ኦፕንሰርች የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ነው፤ 8 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ በዶከር (ፕሮግራምን ከነሚያስፈልገው ሁሉ ጠቅልሎ በሚያስነሳው መሣሪያ) አስነስቼዋለሁ። ሦስት ነገር አስቸግሮኛል።

1. የኮመን ክሮውልን ኢንዴክስ (የገጾቹን ማውጫ) በአማዞን አቴና (ትልልቅ ሠንጠረዦችን በሚያነብ የኢንተርኔት አገልግሎት) ስጠይቅ ዜሮ ረድፍ ይመልሳል። የቋንቋውን ዓምድ «ኤ-ኤም» እኩል ይሁን ብያለሁ።
2. ለሙከራ ባስገባኋቸው ገጾች ላይ «ፀሐይ» ብዬ ስፈልግ «ጸሀይ» ተብሎ የተጻፈው አይመጣም። ትናንት ፊደል የሚያመሳስል ማጣሪያ ጨምሬ ነበር፤ ለውጥ የለም።
3. «ትምህርት» ስል «የትምህርት» እና «ለትምህርት» ያለባቸው ገጾች ይቀራሉ።

የምታውቁ እርዱኝ።

መልስ፦ ጥሬ_ዳታ

ስለ መጀመሪያው ልመልስ። ዜሮ ረድፍ የሚያመጡ ሁለት ምክንያቶች አሉ፤ ሁለቱንም እይ።

ሠንጠረዡን ከፈጠርክ በኋላ «ኤምኤስሲኬ ሪፔር ቴብል» የሚለውን ትዕዛዝ ካላስኬድክ አቴና ክፍልፋዮቹን (ሠንጠረዡ የተከፋፈለባቸውን ክፍሎች) አያውቃቸውም፤ ጥያቄው ስህተት ሳያሳይ ባዶ ይመለሳል። ይህን አድርገህ ከሆነ ችግሩ ኮዱ ነው። ዓምዱ የሚይዘው ባለ 3 ፊደሉን የቋንቋ ኮድ ነው፤ ለአማርኛ «ኤ-ኤም-ኤች»። ባለ 2 ፊደሉን አያውቀውም። በተጨማሪም አንድ ገጽ እስከ 3 ቋንቋ በነጠላ ሰረዝ ተለይቶ ሊመዘገብለት ስለሚችል «እኩል ይሁን» ካልክ እንግሊዝኛ የተቀላቀለባቸውን ገጾች በሙሉ ታጣለህ። «በዚህ ኮድ የሚጀምር» በል። ያኔ ዋና ቋንቋው አማርኛ የሆነው ሁሉ ይገባል።

ወጪውን ደግሞ ተጠንቀቅ። አቴና የሚያስከፍለው ባነበበው መጠን ነው፣ በቴራባይት 5 ዶላር ገደማ። ስለዚህ የምትፈልገውን የአሰሳ ዙር በክሮውል ዓምድ፣ ንዑሱን ክፍል ደግሞ «ዋርክ» (የገጾቹ ሙሉ ቅጂ ያለበት የፋይል ዓይነት) ብለህ ሳትገድብ አትጠይቅ፤ ካልገደብክ የዓመታቱን ሁሉ ያነብብሃል። የምትመርጣቸው ዓምዶች አድራሻው፣ የዋርክ ፋይሉ ስም፣ መነሻ ባይቱ እና ርዝመቱ ብቻ ይሁኑ። የውጭ መክፈያ ካርድ የሌለው ሰው ያንኑ ኢንዴክስ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ በሚሠራው ዳክዲቢ በሚባል የመረጃ ቋት ፕሮግራም ማንበብ ይችላል፤ ዓምዶቹን ለየብቻ የሚያስቀምጡ የፓርኬት ፋይሎች ስለሆኑ የጠየቅከውን ዓምድ ብቻ በኢንተርኔት ይጎትታል። ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይሠራል።

በ«ዶት ኢቲ» የሚያልቁትን ብቻ ልውሰድ እንዳትል። ብዙው የአማርኛ ጽሑፍ ያለው «ዶት ኮም» ላይ ነው።

ገጹን ስታወርድ ሙሉ ፋይሉን አታውርድ። በሬንጅ ጥያቄ ከመነሻው ባይት እስከ መነሻ ሲደመር ርዝመት ሲቀነስ 1 ድረስ ብቻ ጠይቅ። ያቺን 1 መቀነስ ከረሳህ የቀጣዩ መዝገብ አንድ ባይት ይጨመርና አንዳንድ ማራገፊያዎች ይሰናከላሉ። እያንዳንዱ መዝገብ ለብቻው በጂዚፕ ስለታሸገ ቁራጩ ብቻውን ይፈታል። ትክክለኛው የሰርቨሩ ምላሽ ቁጥር 206 ነው፤ 503 ከመጣ እየፈጠንክ ነውና በጥያቄዎቹ መካከል እረፍት ስጥ። ኢንዴክሱ የሚያመለክተው ኤችቲኤምኤል ወዳለበት ዋርክ እንጂ ንጹሕ ጽሑፍ ወዳለበት ዌት ፋይል አይደለም፤ ሜኑውንና ማስታወቂያውን አራግፈህ ጽሑፉን የምታወጣው ራስህ ነህ። ለዚህ ትራፊላቱራ የሚባለው የፓይተን መሣሪያ ይበቃሃል።

መልስ፦ አራት_ነጥብ

ሁለተኛው የሁላችንም ጣጣ ነው። ትናንት የጨመርከው ማጣሪያ ያልሠራው ቀድመው የገቡት ገጾች በድሮው አናላይዘር (ጽሑፉን ለፍለጋ ወደ ቃላት በሚቆራርጠው ክፍል) ስለተቆራረጡ ሳይሆን አይቀርም። ማጣሪያ መጨመር የገባውን ጽሑፍ ወደ ኋላ ተመልሶ አይለውጥም። በኦፕንሰርች ውስጥ አዲስ ኢንዴክስ (የመፈለጊያውን የቃላት መዝገብ) በአዲሱ አናላይዘር ፍጠርና በ«ሪኢንዴክስ» ገልብጠው።

ማጣሪያው ቻር ፊልተር (በፊደል ደረጃ የሚሠራ) ይሁን፣ ዓይነቱ ማፒንግ፣ ማለትም አንዱን ፊደል በሌላ የሚተካ ዝርዝር። ጽሑፉ ወደ ቶክን (ወደ ነጠላ የፍለጋ ቃል) ከተቆራረጠ በኋላ ሳይሆን ከመቆራረጡ በፊት መሥራት አለበት። ለአማርኛ የሚያስፈልጉት ምትኮች 37 ናቸው፦ የሐ ቤት 7፣ የኀ ቤት 7፣ ሃ ወደ ሀ 1፣ የሠ ቤት 7፣ የዐ ቤት 7፣ ኣ ወደ አ 1፣ የፀ ቤት 7። ልብ በል፣ ሓ እና ኃ የሚሄዱት ወደ ሃ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሀ ነው፤ ማፒንግ አንዴ የተካውን ደግሞ አይተካም። «ዓ» የምትለዋ ፊደልም እንዲሁ በቀጥታ ወደ አ። «ፀሐይ» የምትለዋ ቃል ብቻዋን 12 ዓይነት አጻጻፍ ልታገኝ ትችላለች፣ 2 ጸ በ6 ሀ፤ ከዚህ በኋላ ሁሉም «ጸሀይ» ይሆናሉ። ጐን ወደ ጎ፣ ቈን ወደ ቆ፣ ኰን ወደ ኮ ጨምርበት፤ ጐንደርና ጎንደር የሚገናኙት ያኔ ነው።

አንባቢ የሚያየው ጽሑፍ አይነካም፣ አትስጋ። የተመሳሰለው ኢንዴክሱ ብቻ ነው።

አሁን ብዙዎች የሚስቱት፦ ሁለት ነጥብ። የግዕዙ ፡ ችግር የለውም፣ ቃላቱን የሚቆራርጠው ስታንዳርድ ቶክናይዘር ይለየዋል። ከላቲን ኪቦርድ የሚጻፈው : ግን በፊደላት መካከል አንዱ ብቻ ሲገባ እንደ ቃሉ አካል ይቆጠራል። «ሰላም:ነው» አንድ ቶክን ሆኖ ይቀራል፤ «ሰላም» ብለህ አታገኘውም። ድርብ ሆኖ እንደ አራት ነጥብ ሲጻፍ ግን ይለያያል። መፍትሔው : ወደ ክፍት ቦታ የሚለውጥ መስመር እዚያው ማፒንጉ ውስጥ ማስገባት ነው።

እዝባሩ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፣ ይቆርጣል። «ት/ቤት» ወደ «ት» እና «ቤት» ይበተናል። ስለዚህ ምህጻረ ቃላቱን በቶክን ደረጃ ባለው የተመሳሳይ ቃል ማጣሪያ አትሞክራቸው፤ እዚያ ሲደርሱ ተሰባብረዋል። «ት/ቤት» ወደ «ትምህርት ቤት»፣ «ጠ/ሚ» ወደ «ጠቅላይ ሚኒስትር» ብለህ ማፒንጉ ውስጥ ጻፍ።

እያንዳንዱን ለውጥ በ«አናላይዝ» ጥሪ ሞክር፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ስጠው፣ የሚያወጣቸውን ቶክኖች ያሳይሃል። ገጽ ሳታስገባ ስህተቱን ታያለህ።

መልስ፦ ሥረ_ቃል

ለሦስተኛው «ፓተርን ካፕቸር» የሚባለውን የቶክን ማጣሪያ ተጠቀም፣ ዋናውን ቃል እንዲጠብቅ አድርገህ። ደንቡ፦ ቃሉ «የ»፣ «በ»፣ «ለ»፣ «ከ»፣ «ስለ» ወይም «እንደ» ብሎ ከጀመረና ከዚያ በኋላ 3 ወይም ከዚያ በላይ ፊደል ከቀረው ቀሪውን ያዝ። «የትምህርት» ሁለት ቶክን ይሆናል፣ «የትምህርት» እና «ትምህርት»፣ በአንድ ቦታ ላይ። ቀሪው የግድ 3 ይሁን ያልኩት በ«በቆሎ» ምክንያት ነው። ወደ 2 ብታወርደው «በቆሎ» ውስጥ «ቆሎ» ይወጣል፤ ቆሎ የሚፈልግ ሰው የበቆሎ ገጽ ይጎርፍበታል። «የመን»፣ «ለውጥ»፣ «ከሰል»ም እንደዚያው ይጎዳሉ።

በ3 ስትገድበው ግን «በቤት» እና «ለሰው» ያመልጡሃል። ለእነሱ ሁለተኛ ደንብ ጨምር፦ ከመስተዋድዱ በኋላ ቤት፣ ሰው፣ ልጅ፣ ስራ፣ ውሀ ብቻ ከመጣ። እነዚህን በተመሳሰለው ፊደል ጻፋቸው። «ሥራ» እና «ውሃ» ብለህ ብታስገባ ደንቡ ፈጽሞ አይሠራም፤ ማጣሪያው ላይ ሲደርሱ «ስራ» እና «ውሀ» ሆነዋል።

ብራና_ሠሪ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኮዱን አስተካክዬ ረድፎቹ መጥተዋል፣ ሪኢንዴክስም አድርጌያለሁ። «ቤቶች» እና «ልጆች»ስ? መጨረሻዋን ች ስቆርጥ «ቤቶ» ይቀራል።

መልስ፦ ሥረ_ቃል

ይቀራል፣ ምክንያቱም አናባቢው ፊደሉ ውስጥ ነው ያለው፤ መቁረጥ ብቻ አይበቃም። ይህን በፓይተን ሥራውና ውጤቱን በተለየ መስክ አስገባ፤ የፈላጊውንም ቃል ከመላክህ በፊት በዚያው ኮድ አሳልፈው።

የዩኒኮድ ቁጥሮቹ ይረዱሃል። የፊደል ገበታው በ8 በ8 ነው የተደረደረው። ተ 4720 ነው፣ ት 4725፣ ቶ 4726። ቁጥሩ ለ8 ሲካፈል ቀሪው 6 ከሆነ ሳብዕ ነው፣ 5 ከሆነ ሳድስ። ደንቡ፦ ቃሉ በች ካለቀና ከሷ በፊት ያለው ሳብዕ ከሆነ ች ን ጣልና ከቀረው ፊደል ቁጥር 1 ቀንስ። «ቤቶች» «ቤቶ» ከዚያ «ቤት» ይሆናል፤ «ልጆች» «ልጅ»። «ሄደች» እና «በላች» አይነኩም፣ ደ ግዕዝ፣ ላ ራብዕ ስለሆኑ። ከዚህ በፊት «ዎች»ን ለብቻው ቁረጥ፤ አለዚያ «ተማሪዎች» «ተማሪው» ይሆንብሃል። «ቤቶችን» እና «ቤቶችም» ካሉ መጀመሪያ ን ወይም ም ይነሱ።

በዚህ መስክ የተገኘው ውጤት ከዋናው መስክ በታች ይመዘን። ዋናውን በ3 ብታባዛው በትክክል የተጻፈው ከላይ ይቀመጣል።

መልስ፦ ጥሬ_ዳታ

አንድ ነገር ልጨምር፤ እህቴ አራት_ነጥብ ያለችው ማመሳሰያ ለአማርኛ ብቻ ነው። በትግርኛ ሐ እና ሀ፣ ዐ እና አ የተለያየ ድምፅ ስላላቸው ብታዋህዳቸው ቃላት ይደባለቃሉ። አጭር ገጽ ላይ ቋንቋ ለዪው ሁለቱን ሊያምታታ ይችላል፤ አማርኛ የማይጠቀምበት የቐ ቤት፣ ከ4688 እስከ 4701፣ ጽሑፉ ውስጥ ካለ ገጹን ለብቻ ኢንዴክስ አድርገው።

መልስ፦ አራት_ነጥብ

እውነት ነው፤ የግዕዝ ጽሑፍም እንዲሁ ይለይ፣ እዚያ «ሠረቀ» ማለት ወጣ (እንደ ፀሐይ) ነው፣ «ሰረቀ» ግን እንደ አማርኛው ሰረቀ ነው።

አደባባይ ስታወጣው ሙሉውን ጽሑፍ አታሳይ። ኮመን ክሮውል ቅጂውን ሰጠን እንጂ የጽሑፉ መብት የባለቤቱ ነው። ርዕሱን፣ ቃሉ ያለበትን ሁለት መስመርና አድራሻውን ብቻ አውጣ።

ብራና_ሠሪ

«ፀሐይ»፣ «ጸሃይ» እና «ጸሀይ» አሁን እኩል ቁጥር ያለው ውጤት ይመልሳሉ። «በቤት»ም ገብቷል። የብዙ ቁጥሩን ኮድ ዛሬ ማታ እጽፈዋለሁ፤ «ሌሎች» ወደ «ሌል» መሄዱን አይቻለሁ፣ እሱን ምን ላድርገው?

መልስ፦ ሥረ_ቃል

ተወው። «ሌሎችን»ም ወደዚያው ስለሚሄድ እርስ በርስ ይገናኛሉ። ከ«ሌላ» ጋር እንዲገናኝ ከፈለግህ ብቻ ከደንቡ በፊት የሚታይ አጭር የልዩ ቃላት ዝርዝር አድርግና «ሌሎች»ን ወደ «ሌላ» ላከው።